መመሪያውን ማን ያየዋል? በውክልና ሕግ ቁጥጥር ላይ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ባንክ፣ ጉምሩክ ወይም ፈቃድ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ ጉዳያችሁ አልሆነም ሲባል፣ መስኮቱ ላይ ያለው ሰው አዋጅ አይጠቅስላችሁም። "መመሪያው አይፈቅድም" ይላችኋል። በቃ። መመሪያውን ማን አወጣው? ማን ፈቀደለት? ድምፃችሁን የሰጣችሁት የምክር ቤት አባል አይቶታል ወይ? ይህን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው።

ፓርላማ ዝርዝሩን ሁሉ ራሱ ይጻፍ አልልም። አይችልም። ጊዜ የለውም፤ የመድኃኒት ጥራት መለኪያና የአውሮፕላን ደህንነት መስፈርት የሚያውቅ ባለሙያም እዚያ ወንበር ላይ አይቀመጥም። ስለዚህ ከሥልጣኑ ቆርሶ ለአስፈጻሚው ይሰጣል። ሕገ መንግሥታችንም ይህን ያውቃል። አንቀጽ 77 ንዑስ አንቀጽ 13 ላይ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሚሰጠው ሥልጣን መሠረት እንደሆነ ተጽፏል። በውክልና የሚወጣ ሕግ የምንለው ይህንን ነው። የተሰጠ ሥልጣን ደግሞ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም መከታተል አለበት። እዚህ ላይ የምክር ቤት አባላትም፣ ጋዜጠኞችም፣ የሕግ ተማሪዎችም፣ ተራው ዜጋም ደጋግመው የሚሠሯቸው ስህተቶች አሉ።

ስህተት 1፦ አዋጁ ጸደቀ፣ ነገሩ አለቀ ማለት

ዜናውን ታውቁታላችሁ። "ምክር ቤቱ ረቂቅ አዋጁን መርምሮ አጸደቀ።" ከዚያ ሁሉም ወደ ሌላ ወሬ ይሄዳል። ሰውን በየቀኑ የሚነካው ክፍል ግን ገና አልተጻፈም።

ቢጫ ካርድ የምንለውን የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ እንውሰድ። አዋጅ ቁጥር 270 በ1994 ዓ.ም ወጥቶ መብቶቹን ደነገገ። አፈጻጸሙን የሚዘረዝረው ደንብ ቁጥር 101 ደግሞ የ1996 ነው። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ቁጭ ብሎ አዋጁን ብቻ ያነበበ ሰው የጉዳዩን ግማሽ ነው ያነበበው።

ስለዚህ ረቂቅ አዋጅ እጃችሁ ሲገባ ከመጨረሻው ጀምሩ። ከመሸጋገሪያ ድንጋጌዎቹ አካባቢ "ደንብና መመሪያ የማውጣት ሥልጣን" የሚል አንቀጽ ታገኛላችሁ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት አዋጁን ለማስፈጸም የሚያስፈልጉ ደንቦችን፣ የሚመለከተው ሚኒስቴር ደግሞ መመሪያ ሊያወጣ ይችላል ይላል፤ አጭር ነው፣ ሁለት መስመር ቢሆን ነው። ከዚያ ወደ ላይ እየወጣችሁ "ዝርዝሩ በመመሪያ ይወሰናል" የሚለው ሐረግ ያለበትን ቦታ ሁሉ አስምሩበት። ያሰመራችሁበት እያንዳንዱ ቦታ ወደፊት የሚጻፍ ሕግ ነው፤ የሚጻፈውም እንደራሴ በሌለበት ክፍል ውስጥ ነው።

ስህተት 2፦ ሥልጣን የሚሰጠውን አንቀጽ እንደ ማሳረጊያ ማየት

ከሁሉም ስህተቶች የከፋው ይሄ ነው፤ ረዘም አድርጌ የምጽፈውም ለዚያ ነው። ረቂቅ አዋጅ ወደ ቋሚ ኮሚቴ ሲመራ ትርጓሜው ላይ ክርክር አለ፣ ቅጣቱ ላይ ክርክር አለ፣ የመሥሪያ ቤቱ ተጠሪነት ላይ ክርክር አለ። የመጨረሻዎቹ አንቀጾች ላይ ሲደረስ ግን ሰው ደክሞታል። "ይሄ የተለመደ ነው" ተብሎ ይታለፋል። በዚያች ቅጽበት ነው ፓርላማው ብዕሩን ለሌላ የሚያቀብለው።

በ2003 ዓ.ም የሆነውን እዩ። ብሔራዊ ባንክ ባወጣው መመሪያ የግል ባንኮች አዲስ ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶውን ያህል የብሔራዊ ባንክ ቢል፣ ማለትም ለብሔራዊ ባንኩ ገንዘብ የሚያበድሩበት ሰነድ፣ እንዲገዙ ተገደዱ። ቢሉ የ5 ዓመት ሲሆን ወለዱ 3 በመቶ ነበር። ባንኮቹ ለቆጣቢ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ ደግሞ 5 በመቶ ነበር። አንድ ባንክ ለነጋዴ 100 ሚሊዮን ብር ሲያበድር 27 ሚሊዮን ብር በከሳሪ ወለድ ማሰር ነበረበት ማለት ነው። ግዴታው እስከ 2012 ቆየ። ለልማት የረጅም ጊዜ ብድር ገንዘብ ማሰባሰብ ያስፈልግ ነበር የሚል ካለ እሱን እሰማዋለሁ፣ በቁም ነገር የሚከራከሩለት የኢኮኖሚ ሰዎች አሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። 27 የሚለው ቁጥር ላይ እጁን ያወጣ እንደራሴ የለም። ባንኩ መሠረት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 591/2000 ሲጸድቅ መመሪያ የማውጣት ሥልጣን ላይ እጃቸውን ያወጡ አባላት፣ ከዚያች ዓረፍተ ነገር ይህን የሚያህል ግዴታ ይወለዳል ብለው አስበው ነበር ለማለት ይከብዳል።

ሌላው በኮሮና ጊዜ የሆነው ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 3/2012 ከጥቂት አንቀጾች አይበልጥም። ቅጣቱ አዋጁ ውስጥ አለ፤ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር መቀጮ። ሰው ምን ቢያደርግ ነው የሚቀጣው? ይህንን የነገረን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣው ደንብ ቁጥር 466/2012 ነው። መጨባበጥ፣ ከ4 ሰው በላይ ሆኖ መሰብሰብ፣ አከራይ ተከራዩን ማስወጣት ወይም ኪራይ መጨመር፤ ሁሉም እዚያ ነው የተከለከሉት። በሽታው ጊዜ አይሰጥም ነበር፣ ይገባኛል። ግን አስተውሉ፤ ፓርላማው ያጸደቀው ቅጣቱን ሲሆን ጥፋቱን የዘረዘረው አስፈጻሚው ነው። ከወንጀል ጋር በተያያዘ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በደህናው ጊዜም ልማድ ሊሆን አይገባም።

ታዲያ ያች አንቀጽ ላይ ምን ይጠየቅ? ሥልጣኑ የሚሰጠው ለማን ነው፣ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው ወይስ ለአንድ ዳይሬክተር? በየትኛው ጉዳይ ላይ ነው፣ በስም ይጠራ። ጣሪያው የት ነው፤ ክፍያ ከሆነ እስከ ስንት፣ ግዴታ ከሆነ እስከ ምን ድረስ? በመመሪያ ፈጽሞ ሊነካ የማይችለው ምንድን ነው? ግብር መጣል፣ ሰው ማሰር፣ ንብረት መውሰድ፣ የተሰጠ መብት ማጥበብ አዋጁ ውስጥ መቅረት አለባቸው። ሥልጣኑ የተሰጠው አካል መልሶ ለሌላ ማሳለፍስ ይችላል? ደግሞ "በዚህ ጊዜ ውስጥ ደንቡ ካልወጣ ለምክር ቤቱ ምክንያቱ ይቅረብ" የሚል ቀነ ገደብ ይግባ፤ ምክንያቱም ያለ ልክ የሚወጣ መመሪያ እንደሚጎዳ ሁሉ፣ አዋጁ ጸድቆ ለዓመታት ደንብ የሌለው መብትም ወረቀት ላይ ይቀራል።

ይህን ሁሉ ለመጠየቅ አዲስ ሥልጣን አያስፈልግም። ረቂቁ ገና የፓርላማው እጅ ላይ ነው። አንድ አባል እጁን አውጥቶ "ይህች 'አስፈላጊ የሆኑ' የምትል ቃል ትተካልኝ" ቢል ከዓመት በኋላ ከሚጠራ አሥር ስብሰባ የበለጠ ይሠራል።

ስህተት 3፦ ደንብና መመሪያን አንድ ላይ መጠቅለል

ሁለቱ የተለያየ ቤት አላቸው። ደንብ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፣ ቁጥር ይዞ በነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል። መመሪያ የአንድ መሥሪያ ቤት ነው፣ በነጋሪት ጋዜጣ አይወጣም። ለረጅም ጊዜ መመሪያ ማለት መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ካለ ሰው ካልተገኘ በቀር የማይነበብ ሰነድ ነበር። ሰው በማያውቀው ሕግ ጉዳዩ ይወሰንበት ነበር፤ ይህን ለማስተካከል የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 በእውነት ትልቅ እርምጃ ነው። አዋጁ መሥሪያ ቤት በሕግ ሥልጣን ካልተሰጠው መመሪያ አያወጣም ይላል። ረቂቁ ለሕዝብ ይፋ ሆኖ አስተያየት ይሰበሰብበታል፣ ማብራሪያ ይዘጋጅለታል፣ ያኔ በጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አሁን በፍትሕ ሚኒስቴር ይመዘገባል፣ በድረ ገጽ ይጫናል። ያልተመዘገበና ያልተጫነ መመሪያ ተፈጻሚ አይሆንም።

ሰው ይህን ይሰማና "እንግዲህ ቁጥጥሩ ተሟላ" ይላል። አልተሟላም። አንደኛ፣ አዋጁ የሚመለከተው መመሪያን ነው፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በዚህ በር አያልፍም። ሁለተኛ፣ የሚመዘግበው ራሱ አስፈጻሚው ነው። ፍትሕ ሚኒስቴር የሌላ ሚኒስቴርን ሥራ ማየቱ ጠቃሚ ነው፣ ግን ሥልጣኑን የሰጠው እሱ አይደለም።

ደግሞ ስሙ አያታልላችሁ። ሰርኩላር ይባል፣ ማኑዋል ይባል፣ የውስጥ ደብዳቤ ይባል፣ የውጭውን ሰው መብት የሚነካ አጠቃላይ ትእዛዝ ከሆነ የመመሪያ ሥራ እየሠራ ነው። "ይሄ እኮ መመሪያ አይደለም፣ ማስታወሻ ነው" የሚል መልስ ስትሰሙ ጽሑፉን ካላሳያችሁኝ በሉ።

ስህተት 4፦ ሚኒስትሩን ስለ ሪፖርቱ ጠይቆ ስለ ጽሑፉ ዝም ማለት

የ6 ወር ሪፖርት፣ የ9 ወር ሪፖርት። ሚኒስትሩ ወይም ሚኒስትሯ ትቀርባለች፣ ከዕቅዱ ይህን ያህል በመቶ ተከናውኗል ትላለች፣ አባላት ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ማዳበሪያ ይጠይቃሉ። የመራጩ ችግር ነውና መጠየቃቸው ልክ ነው። ግን "በዚህ ዓመት ስንት መመሪያ አወጣችሁ? በየትኛው አንቀጽ? አስተያየት ሰጪዎቹ ምን አሉ? የቱን ተቀበላችሁ፣ የቱን ለምን ጣላችሁ?" የሚል ጥያቄ ብዙም አይሰማም።

ለመጠየቅ የሚከለክል ነገር የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ፣ የሕግ አስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን ሰጥቶታል። ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ ምክር ቤቱ በአስፈጻሚው ሥልጣን ላይ በማንኛውም ጉዳይ ይወያያል። አንቀጽ 76 ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሚወስነው ሁሉ ተጠሪነቱ ለዚህ ምክር ቤት ነው ይላል። ሁሉ ሲል ደንብም እዚያ ውስጥ ነው።

ሥራው ከባድም አይደለም። የኮሚቴው ባለሙያ በግራ በኩል አዋጁን፣ በቀኝ በኩል መመሪያውን ያስቀምጥ። ለእያንዳንዱ የመመሪያው አንቀጽ ከግራ በኩል ወላጅ ይፈልግ። ወላጅ ያጣው አንቀጽ ጥያቄ ሆኖ ለሚኒስትሩ በጽሑፍ ይሂድ። ቋሚ ኮሚቴዎቻችን የተዋቀሩት በዘርፍ ስለሆነ ጤናው የጤናውን፣ ገቢው የገቢውን ማየት ይችላል።

ስህተት 5፦ መሻር ከሌለ ቁጥጥር የለም ማለት

የሕግ ተማሪዎች ይህን ይወዱታል። "እንግሊዝ ፓርላማ ደንብ ይሽራል፣ እኛ ጋ የለም፣ ስለዚህ ቁጥጥር የለም።" እስኪ የእንግሊዝን ቀረብ ብለን እንየው።

እ.ኤ.አ. በ1946 በወጣው ሕግ መሠረት ሚኒስትሩ ያወጣውን ደንብ ፓርላማ ፊት ያቀርባል። ከሁለት መንገድ በአንዱ ይሄዳል። በአንደኛው ሁለቱ ምክር ቤቶች ካላጸደቁት አይሠራም። በሁለተኛውና አብዛኛው ደንብ በሚሄድበት መንገድ፣ በ40 ቀን ውስጥ ከሁለቱ አንዱ ይሻር ካላለ ጸንቶ ይቀጥላል። ዝም ማለት ማጽደቅ ነው። ማሻሻልም አይቻልም፤ ወይ እንዳለ ትቀበላለህ ወይ እንዳለ ትጥላለህ። ውጤቱስ? የታችኛው ምክር ቤት ለመጨረሻ ጊዜ ደንብ የጣለው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ የነጭ ጋዝ የችርቻሮ ዋጋ ጣሪያን የሚያነሳ ትእዛዝ ነበር። ትልቁ በትር አለ፣ ግን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

የሚሠራው ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 መንግሥት የዝቅተኛ ገቢ ሠራተኞችን ድጎማ በደንብ ሊቀንስ ሲል የላይኛው ምክር ቤት፣ የሎርዶች ምክር ቤት የሚባለው፣ ደንቡን አልጣለውም። ማካካሻ እስኪቀርብ ድረስ ይቆይ አለ። መንግሥት ተቆጣ፣ የሎርዶቹን ሥልጣን የሚገመግም ጥናትም አዘዘ፤ ቢሆንም በሚቀጥለው ወር የገንዘብ ሚኒስትሩ ጆርጅ ኦስቦርን ቅነሳውን ተወው። ማዘግየት፣ ማብራሪያ መጠየቅ፣ በይፋ ማስመዝገብ፤ እነዚህ ይሠራሉ። እኛም ጋ ለእነዚህ የሚሆን አንቀጽ አለን፣ ከላይ ጠቅሼዋለሁ።

መኮረጅ ካለብን ግን እኔ የምመርጠው አውስትራሊያን ነው። እዚያ አንድ አባል ደንቡ ይሻር የሚል ሐሳብ ካስመዘገበና በ15 የስብሰባ ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ደንቡ እንደተሻረ ይቆጠራል። መንግሥት አጀንዳውን በመግፋት ማምለጥ አይችልም፤ ዝምታው የሚጎዳው ደንቡን ያወጣውን ነው።

ስህተት 6፦ "አይጥመኝም" እና "ሕጋዊ አይደለም"ን መደባለቅ

አጭር ነው፣ ግን ብዙ ውይይት ያበላሻል። የአውስትራሊያ ሴኔት ደንብ የሚመረምር ኮሚቴ ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1932 ነው፤ ዕድሜ የሰጠው አንዱ ነገር ፖሊሲ ላይ አለመከራከሩ ነው። ሥልጣን አለው ወይ? መብት ያላግባብ ይነካል ወይ? አዋጅ ላይ መጻፍ የነበረበትን ነገር ይዟል ወይ? የገዥው ፓርቲ አባልም ሳይሸማቀቅ እነዚህን መጠየቅ ይችላል፤ መንግሥትን መቃወም አይደለማ። ፖሊሲውን መተቸትም መብት ነው፣ ግን ለብቻው ይቅረብ። ሁለቱን ስትቀላቅሉ ሚኒስትሩ ስለ ፖሊሲው ጥቅም ግማሽ ሰዓት ያወራና የሥልጣኑ ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል።

ስህተት 7፦ የምክር ቤቱን የዕረፍት ወራት መርሳት

ምክር ቤቱ ሥራ የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው፣ የሚያበቃው ሰኔ 30። አስፈጻሚው ግን ሐምሌና ነሐሴም ይሠራል። የውጭ ምንዛሪ ገበያውን የከፈተው የብሔራዊ ባንክ መመሪያ የወጣው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። በዚያው ቀን ዶላር ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ዘለለ። ዘይት የሚያስመጣውም፣ ከጅዳ ገንዘብ የምትልከውም እህታችን፣ መድኃኒት የሚገዛው ታማሚም ሕይወት በአንድ ጠዋት ተቀየረ። ውሳኔው ትክክል ነበር አልነበረም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ ምንዛሪ ቀድሞ ሊወራበት እንደማይችልም አውቃለሁ። መደበኛው የሥራ ዘመን ተዘግቶ በወጣ እንዲህ ያለ መመሪያ ላይ ግን ምክር ቤቱ ሲመለስ የመጀመሪያ አጀንዳው ቢያደርገው ምን ይጎዳል?

ይህ ለእኛ አዲስ አስተሳሰብም አይደለም። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ ምክር ቤቶቹ በማይሰበሰቡበት ጊዜ ድንጋጌ ካወጡ፣ ጽሑፉ ምክር ቤቶቹ መጀመሪያ ሲሰበሰቡ ይቀርብላቸው ነበር። ዛሬም አንቀጽ 93 ለአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሰዓት ቆጥሯል፤ ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። ለደንብና ለመመሪያ እንዲህ ያለ ሰዓት የለም። በምክር ቤቱ የአሠራር ደንብ ውስጥ አንድ አንቀጽ መጨመር ይበቃ ነበር፤ በዕረፍት ወራት የወጡ ደንቦችና መመሪያዎች ዝርዝር በጥቅምት ለየኮሚቴው ይደርሳል የሚል።

ስህተት 8፦ ፍርድ ቤት አለ ብሎ መተኛት

አዋጅ 1183 በመመሪያ የተጎዳ ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ እንዲያስመረምር በር ከፍቷል። ይህ ሊጠበቅ የሚገባው በር ነው። ግን ፍርድ ቤት የሚያየው ከሳሽ የመጣለትን ብቻ ነው። ጠበቃ መቅጠር የማይችለው፣ መመሪያው መኖሩን እንኳ የማያውቀው ሰው አይከስም። ክስም ጊዜ ይወስዳል፤ እስከዚያ ሕጉ በሰው ላይ ይሠራል።

የእንግሊዙን የሰልፍ ደንብ እዩ። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ መንግሥት ፖሊስ ሰልፍ የሚገድብበትን መነሻ ዝቅ ለማድረግ በረቂቅ አዋጅ ላይ ማሻሻያ አቀረበ፤ የሎርዶች ምክር ቤት ጣለው። ከጥቂት ወራት በኋላ ያንኑ ሐሳብ በደንብ ይዞ ተመለሰ። ዋናው ሕግ "ከባድ መስተጓጎል" ይላል፤ ደንቡ ይህን "ከጥቃቅን በላይ የሆነ" ብሎ ተረጎመው። ደንቡን ለመጣል በሎርዶች ምክር ቤት የቀረበው ሐሳብ በቂ ድምፅ አላገኘም፣ ሰኔ ላይ ሥራ ላይ ዋለ። በግንቦት 2024 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ከተሰጠው ሥልጣን በላይ ሄዷል ብሎ ሻረው፣ በ2025 ይግባኝ ሰሚውም አጸናው። ከሰኔ እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ግን ሰዎች በዚያ ደንብ ተይዘዋል፣ ተከሰዋል። በፓርላማ የተጣለን ነገር በደንብ መመለስ ከዚህ በፊት ታይቶ እንደማይታወቅ የሎርዶች ምክር ቤት የደንብ መርማሪ ኮሚቴ በጽሑፍ ያሳሰበው ደንቡ ሥራ ላይ ከመዋሉ አንድ ወር ቀደም ብሎ ነበር።